ሰባት እግዚኦ

ከደብረ ብርሃን ዳር፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
ከፓኔሉ በር ሥር፣ ጣቱ ገመድ ሲነካ፣
ሸዋንግዛው ነበር ጊዜን በአየር የለካ።
ሰዓት አያስርም፤ የእጁ አንጓ ላይ ያለው
የቃጠሎ ቀለበት ነው፣ ኮንታክተር የሣለው።

ታይመር ይሏታል፤ ከጡጫ አትበልጥም፤
ፊት የላት፣ ቁጥር የላት፤ ሰው ዞሮ አያያትም።
በሆዷ ግን ወናፍ አለ፣ የአንጥረኛ ዘመድ፤
ኮይሉ ሲጠራት፣ እስትንፋሷ ሲከብድ፣
በመርፌ ቀዳዳ፣ እንደ ዳገት መንገድ፣
ትስባለች አየር፣ ዝግ ዝግ እያለች ስትሄድ።
ሳንባዋ እስኪሞላ ሞተሩ በስታር ነው፤
ቀስ ብሎ ይነሣል፣ አልጋ እንደ ለቀቀ ሰው።
ከዚያ ቀጭ! ስትል ዴልታ ይረከባል፤
የሱፍ ማሽን ሁሉ ባንዴ ያጉረመርማል።

በመሐል ሰባት ሴኮንድ።
እሱ ግን ሴኮንድ አይልም።
አውራ ጣቱን በጣቶቹ አንጓ ላይ እያሳለፈ፣
እግዚኦ፣ እግዚኦ፣ እግዚኦ...
ሰባተኛው ላይ ቀጭ!
ከዚያ ከቀረች ወይም ካለፈች ካቻቪቴ ያወጣል።
እኔ ያኔ ተለማማጅ፣ ከኮሌጅ የመጣሁ፣
ከኋላው ቆሜ በስልኬ ሰዓት ያዝኩበት፤
ሰባት ነጥብ ዜሮ አገኘሁ።
ደገምኩ። ሰባት ነጥብ ዜሮ።
ስልኬን ቱታዬ ኪስ ቀበርኩት፣ እንደ ሰረቀ ሰው።

ታኅሣሥ ግን ክፉ ነው፤ ውርጭ ያደረበት ቆዳ
ይደርቃል፤ ወናፏ እንቢ ትላለች በማለዳ።
ሰባቱ ዘጠኝ ይሆናል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣
የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታው ኮሪደር ያዳርሳል።
ስለዚህ ማታ ማታ፣ ከፓኔሉ ሆድ ገብቶ፣
ባለ ስልሳ ሻማ አምፖል ያድር ነበር በርቶ።
«ልጅ ናት» ይላል፣ «ብርድ አይንካት።»
ጉንፋን የማይለቀው ዘበኛ ቱፋም
እጁን ሊያሞቅ እዚያው ነው የሚያመሸው።

ከብርዱ የባሰው ሱፉ ነው።
ብናኙ አይታይም፤ በመርፌው ቀዳዳ ይገባል፣
ይቀመጣል፣ ቤቴ ይላል።
ሸዋንግዛው በየወሩ ፈትቶ በአፉ ይነፋላታል፤
ሃያ ስድስት ዓመት።
የነፋው ወጣ።
የሳበውስ?

ሆስፒታል፣ ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ
ነጭ ነጩን በእስክሪብቶ ሲያሳየው፣
ሣቀ አሉ፦ «ፊልትሩ ነዋ! ማን ያጥበዋል ዶክተር?»

አዲሱ ታይመር መጣ፣ ቀይ ቁጥር የሚያበራ፤
ብርድ አያውቅ፣ ሱፍ አያውቅ፣ ውርጭም አይፈራ።
የፈታኋት እኔ ነኝ። አራት ብሎን፣ ጥቂት ገመድ።
አምፖሉንም አጠፋሁ፤
ቱፋ ሳምንት ሙሉ ሰላም አላለኝም።

እሑድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጠባሴ ወሰድኩለት።
አልጋው ላይ ቀና አለ፤ አገላብጦ አያት፣
አሸተታት፤
በአውራ ጣቱ ደቁሶ ለቀቃት።
እግዚኦ...
ሳል።
እግዚኦ...
እግዚኦ...
እግዚኦ...
ቀጭ!
«ፈጥናለች» አለ፣ «ሦስት ይቀራታል። ብሎኗን ማን ነካት?»
ማንም አልነካትም።
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ማውጣት አላስፈለገኝም።
«አጥብቂያት» አለኝ፤ ካቻቪቴውን ከትራሱ ሥር አወጣ፣
እጀታው በመዳፉ ልክ ያለቀ።
ሩብ ዙር አጠበቅሁ። አልበቃም።
ሌላ ሩብ።
እሱ ይቆጥራል፣ ያርፋል፣ ከጀመረበት ይቀጥላል፤
እኔ አጠብቃለሁ።
ከውጭ የጋሪ ደወል አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤
ከሰዓት ሆነ፤ ሚስቱ አስናቀች
ሻይ አምጥታ፣ አይታን፣ ሳትናገር ወጣች።
ሰባተኛው እግዚኦ ላይ ቀጭ! አለች።
«ይኸው» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
«አሁን ልክ ሆነች።»